«ደህና ነው» ያለችው እህት

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይዋ ግን ገና አልገባችም፤ በሞቃቱ ወራት የዚህ አገር ፀሐይ እንደ ወሬኛ ጎረቤት ናት፣ ደህና እደሩ ብላ ከተነሳች በኋላ በር ላይ ቆማ ሌላ ሁለት ሰዓት ታወራለች። ሚጢጢ ጥቁሩን መጋረጃ እስከ ጥጉ ስባ፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን በግድ ጨፍና እንቅልፍን ትለማመጠዋለች። መተኛት አለባት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ትነሳለች፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ጋራዥ ትገባለች፣ ጎማውን በእግሯ መታ መታ አድርጋ፣ መስተዋቱን አስተካክላ፣ አሥር ተኩል ሲል የከተማውን የመጀመሪያ አውቶቡስ ከግቢ ታወጣለች፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም፣ ዛሬ ግን እንቅልፍ ከየት ይምጣ። ሚጢጢ የሚላት ታላቅ ወንድሟ ነው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሁለት ሜትር አውቶቡስ ትጠመዝዛለች፣ ትከሻዋ ደልዳላ፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ሚጢጢነቷ የቀረው ወንድሟ አፍ ላይ ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድም አንዴ ስም ካወጣ ግን ማን ይሰርዘዋል። ያ ወንድሟ፣ ጋሼ፣ ከስሱ ግድግዳ ማዶ ሳሎን ውስጥ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ወራቸው ነው፣ እስኪቋቋሙ እሷ ጋ ናቸው፣ ማታ ማታ እሷ እንድትተኛ ብለው በሹክሹክታ ያወራሉ፣ ሹክሹክታቸው ግን ከጩኸት ይብሳል።

«ኧረ ቀስ በል፣ ትተኛበት!» ትላለች የወንድሟ ሚስት፣ ሚጢጢ እትዬ ነው የምትላት፣ ሰፈር በሚቀሰቅስ ድምፅ።

«እኔ ምን አልኩ? የምትጮኺው አንቺ።»

«እኔስ ግራ ገብቶኝ ነው። አሁን ይሄ ማታ ነው ቀን? ሰው እዚህ አገር መቼ ነው የሚመሽበት?»

ሚጢጢ ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች። እውነቷን ነው፣ መቼ ነው የሚመሽበት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ይህን ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም፤ መጀመሪያ ሰሞን ጠይቃ ይሆናል፣ ከዚያ መጋረጃ ገዛች፣ ጥያቄውም በዚያው ቀረ። ዓይን ሲለምድ ማየት ያቆማል። እነዚህ ሁለቱ ከመጡ ወዲህ ነው አገሩ እንደ አዲስ የታያት። አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበለቻቸው ዕለት ጋሼ ፎቁን አላየም፣ መስተዋቱን አላየም፣ ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ምን ያያል፣ ያየው ፌርማታው ላይ የቆመውን አውቶቡስ ነው። ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ወደ በሩ ስትጠጋ አውቶቡሱ ፉስስ ብሎ በእሷ በኩል ዝቅ አለላት፣ ጋሼም የያዘውን ሻንጣ ለቀቀው። «አያችሁ? እጅ ነሳላት እኮ!» አለ። እትዬ ደግሞ ከአሮጊቷ ጎን ቀና ሳይሉ ያለፉትን ሦስት ጎረምሶች አይታ ኖሮ፣ «ይሄ አገር ብረቱን ሥርዓት አስተምሮታል፣ ሰዉን ነው የረሳው» አለች። ሚጢጢ ያቺን ቁልፍ በቀን መቶ ጊዜ ትጫናለች፣ ጣቷ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ እጅ መንሳት መሆኑን ግን ማን ነገራት? ከዚያ ቀን ወዲህ ስትጫናት እሷም አንገቷን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፣ አውቶቡሱን ብቻውን ላለመተው።

«ረዳቱስ?» አለ ጋሼ በዚያው ቀን፣ ወደ ቤት የሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው። «ማን ነው ከኋላ ‹ሳበው› የሚልሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ዝም አለ። በመስኮቱ ሕዝቡን እያየ፣ ከንፈሩን እየነከሰ፣ አንድ ፌርማታ ሙሉ ዝም አለ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ጋሼ ሰውን ፊት ለፊት አያመሰግንም፣ አባታቸውም አያመሰግኑም ነበር፣ ፊት ለፊት የተመሰገነ ልጅ ይበላሻል ይሉ ነበር። እሷ ግን ያን ዝምታ ታውቀዋለች፣ ቤት ወስዳ ስታጣጥመው አደረች። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ባልና ሚስቱ እሷ የምትነዳው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ስልኩ ላይ ያቀረቀረበት ሰዓት፤ እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፣ ከሹፌሩ አጠገብ ቆመች፣ ለአርባ ሰው ባንድ ጊዜ «እንደምን አደራችሁ!» አለች። ሚጢጢ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ማዳመጫዎች ከጆሮ ይነቀላሉ፣ ሰው አደጋ የደረሰ መስሎት ይገላመጣል፣ እትዬ መልስ ትጠብቃለች፣ ሰላምታ መልስ ሳያገኝ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አታውቅም። ሦስተኛው ወንበር ላይ ባርኔጣ የሚያደርጉ ሽማግሌ አሉ፣ ስምንት ዓመት በዚህ መስመር ተመላልሰዋል፣ ሚጢጢ ድምፅ የሌላቸው ነበር የሚመስላት። ብድግ አሉ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ በቋንቋቸው መለሱ፣ እትዬም ጎንበስ ብላ ተቀበለች፣ ሄዳም አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ ሲያወሩ ሄዱ። በማግስቱ ሽማግሌው ሲሳፈሩ ለሚጢጢ ደህና አደርሽ አሏት። ስምንት ዓመት! አንዲት ቃል ነበር የጎደለችው፣ እትዬ ይዛት መጣች። የዚያን ዕለት ሚጢጢ መሪውን ይዛ ስትሄድ ደረቷ ሙሉ ነበር፣ የእኔ ወገኖች ናቸው እያለች፣ ኩራቱ ሲመጣ ሐፍረቱ የት እንደገባ ሳታውቅ።

ታዲያ እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ አስተማሪ ሆናለች። ሁለት ወር ሙሉ ስታስተምራቸው ከረመች። መብራቱ ቀይ ከሆነ መኪና ባይኖርም ይቆማል፤ ቀጠሮ አምስት ሰዓት ከተባለ አምስት ሰዓት ነው፤ ምግብ ብሉ ሲሏችሁ አንዴ እምቢ ካላችሁ ሁለተኛ የሚለምን የለም፣ ጾማችሁን ትመለሳላችሁ። በተለይ ይሄኛውን ደጋግማ ነገረቻቸው፤ እዚህ አገር ትችላለህ ወይ ሲሉህ አዎ በል፣ ጎበዝ ነህ ወይ ሲሉህ ነኝ በል፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ይህን ትምህርት የገዛችው በርካሽ አይደለም። የመጣች ሰሞን የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ ምን ትችያለሽ ብላ ስትጠይቃት «ያገኘሁትን» ብላ መልሳ፣ ያገኘችው መጥረጊያና ባልዲ ሆነ፣ አምስት ዓመት ሙሉ አሁን ከምትነዳቸው አውቶቡሶች ወንበር ሥር ማስቲካ ስትፍቅ ኖረች፣ ያን ጊዜ ግን አትነዳቸውም፣ ታጥባቸዋለች፣ ስታጥብ መሪውን ከሚገባው በላይ ትወለውላለች፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯ ፍሬን ላይ መድረሱን ትለካለች፤ ይደርሳል፣ ሚጢጢ እግሯ ይደርሳል። እነዳለሁ ለማለት አምስት ዓመት ፈጀባት። ስለዚህ ጋሼን ስታስተምረው ከልቧ ነበር፣ እሱም እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

እና ዛሬ ጠዋት ምን አደረገች? ትገላበጣለች። ትራሱን ታዞረዋለች፣ ያም ጎኑ ሞቆ ይቆያታል። ዛሬ ጠዋት ከወንድሟ ጋር የጋራዡ ስምሪት ኃላፊ ቢሮ ገብታ ተቀምጣለች፣ በሐሳቧ አሁንም እዚያው ናት። ጋሼ ያመለከተበት ሥራ ከጋራዡ ግቢ አይወጣም፤ አውቶቡሶቹን ከማጠቢያ ወደ ነዳጅ፣ ከነዳጅ ወደ ጥገና፣ ከጥገና ወደ ማቆሚያ ማዘዋወር ነው፣ ተሳፋሪ ስለሌለ ቋንቋ አይጠይቅም፣ አንድ ዓመት እዚያ የሠራ ቋንቋውን ለምዶ ለመንገድ ፈተና ይቀርባል። ለጋሼ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ቦታው አንድ ነው፣ አመልካቹ ሁለት፤ ሌላኛው የጋራዡ መካኒክ የወንድም ልጅ ነው፣ ሁለት ዓመት የዳቦ መኪና የነዳ ወጣት። ለጋሼ ይህ ካልሆነ ሰኞ የሚጠብቀው የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው፣ ካርቶን መቆለል፣ ባምሳ አምስት ዓመቱ፣ በዚያ ጉልበት፣ መሪ ያልያዘበት ቀን የሌለው እጅ ጓንት አጥልቆ በረዶ ሲሸከም። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ ውሃ ቀዳላቸው፣ እስክሪብቶውን አነሳ፣ እሷም እየተረጎመች ነው።

«ስንት ዓመት ነድተሃል?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«አደጋ?»

«የለም፣ ተመስገን።»

«ራስህን እንዴት ታየዋለህ? ጎበዝ ሾፌር ነህ?»

ጋሼ ወደ እሷ አየ፣ ወደ ኃላፊው አየ፣ ጉልበቱን አሻሸ። የሁለት ወር ትምህርት ከአፉ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ታያት። «እሱንማ የተሳፈረ ይናገር እንጂ፣ እኔ ምን ብዬ» አለ። እንዳለው ተረጎመችው። ኃላፊው እስክሪብቶውን እንዳነሳ ጠበቀ፣ የሚከተል ነገር ያለ መስሎት፣ የሚከተል ነገር የለም። ያኔ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ? አንቺ የእኛ ሰው ነሽ፣ ቃልሽን አምናለሁ። ሲነዳ አይተሽዋል፤ እንዴት ነው?»

ይኸው በሩ ተከፈተላት፣ ከዚህ በላይ ምን ይከፈታል? ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን የእናቷ ቤት ሰው ሁሉ፣ የሞቱት አባቷ ሳይቀሩ፣ ከወንበሯ ኋላ መጥተው የቆሙ መሰላት፣ አንቺ ልጅ፣ የገዛ ወንድምሽን በሰው ፊት፣ ያውም እሱ ቁጭ ብሎ እየሰማ፣ አታፍሪም? ፊቷ ጋለ። «ደህና ነው» አለች። ያ ያነሰ ይመስል «ምንም አይልም» ብላ ጨመረችበት። ኃላፊው ጻፈ። ሁለት ቃል ነው የጻፈው፣ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲንቀሳቀስ በዓይኗ አይታለች፣ ለሠላሳ ዓመት ሁለት ቃል። ሲሸኛቸው በሩ ላይ ቆም አለና፣ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እወስናለሁ። የዚያኛው ልጅ አጎት መጥቶ ግማሽ ሰዓት ነው ያወራልኝ» ብሎ ሳቀ። «የምትጨምሪው ነገር ካለሽ ስልኬ ላይ ድምፅሽን ተይልኝ።»

ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ የጋሼ ደስታ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ ቀና ብሎ፣ ሥራው እጁ የገባ ይመስል ይራመዳል። «ጥሩ አድርገሽ መለስሽ። ወንድሟ ስለሆነ አፏን ሞልታ ተናገረች አይሉሽም። ሰው ብልህ ከሆነ እሱ ራሱ ያየዋል» አለ። አስተማሪው ማን ነው፣ ተማሪው ማን ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያወቀችው አገር በአንዲት ጥያቄ ከእጇ ወጣ፣ ማንም ያልነገራት ይመስል፣ ትናንት ከአውሮፕላን እንደወረደች። በእሱ ፊት እንደ ጨዋ እህት ሆና ተገኘች፣ በኃላፊው ፊት ግን ስለ ወንድሟ የምትናገረው ያጣች፣ ምናልባትም የምታውቀውን ጉድ የምትደብቅ ሴት መሰለች። እሁድ እናቷ ስትደውል «ልጄ መኪና ያዘ ወይ?» አለች። «ይይዛል እማዬ።» «አንቺ እዚያ እያለሽማ ምን ይጎድልበታል» አለች እናቷ፣ ቀለል አድርጋ፣ እንደ ቀልድ፣ ሚጢጢም አዎ እማዬ አለች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ ማለት ይህ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝምታ እዚህ አገር ይነቅዛል፣ ባንድ ቀን ነው የሚነቅዘው፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

ምን አጥታ ነው ደህና ነው ያለችው? ያ ቀን ፊቷ ድቅን አለ፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ጋሼ ወደ አያቶቿ ሊያደርሳት አሳፍሯታል፣ እሱ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ጺሙ ገና ያልሞላ፣ እሷም ሞተሩ ክዳን ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎላት ከጎኑ ተቀምጣለች። ዝናብ ነው። ትልቁ ቁልቁለት ላይ ደርሰዋል፣ በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ የተቆረጠ ተራራ፣ ጋሼ ፍሬኑን ይረግጠዋል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ ሌላ ጊዜ ይረግጠዋል፣ ይገባል። እሷ ናት ያየችው፣ ሌላ ማንም አላየም። ፊቱ አልተለወጠም። ማርሹን ዝቅ አደረገው፣ ሞተሩ ከሥሯ አገሳ፣ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ተራራው ሰጠው፣ አውቶቡሱ ጎኑን ከተራራው ጋር እያሻሸ፣ እየጮኸ፣ ቆርቆሮው እየተላጠ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ከኋላ ሰው እየተነጫነጨ ነበር፣ መንገዱ ተበላሸ ወይ እያለ። ጋሼ ዘወር ብሎ «ውረዱና እግራችሁን አፍታቱ፣ ትንሽ እናርፋለን» አላቸው። ወርደው የተላጠውን ጎን ካዩ በኋላ ነው ሴቶች እልል ያሉት፣ ወንዶች መሬት የሳሙት፤ እሱ ግን ከጎማው ኋላ ቁጢጥ ብሏል፣ እሷ ውሃ አቀብላዋለች፣ ግማሹ ፈሷል። ከተማ ሲገቡ ባለንብረቱ ስለ ቆርቆሮው ጮኸበት፣ ጋሼም ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ! ፍሬኑ እምቢ አለ እንኳን አላለም፣ ነገሩን በኋላ ለባለንብረቱ የነገረው ፍሬኑን የፈታው መካኒክ ነው። ይህን ነው እንግዲህ ምንም አይልም ያለችው።

ከግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ። ጋሼ አነሳው፣ እናታቸው ናት፣ ለእናቱ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም፣ አገር ቤት በድምፁ ብርታት የሚደርስ ይመስለዋል።

«ተኝታለች እማዬ። አዎ፣ ደህና ናት።» አለና ቀጠለ። «እማዬ፣ ይቺን ልጅ ብታያት። በአገሬ ስንት ሾፌር አውቃለሁ፣ እንደ እሷ መሪ የሚይዝ አላየሁም። ሰማንያ ሰው ጭና፣ ረዳት የላት፣ ሳበው የሚላት የላት፣ በዚያ ሁሉ መብራትና ሐዲድ መሃል ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ዝም ብላ ትሄዳለች። አንዲት ሴትዮ ቆማ ሻይ ትጠጣ ነበር፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ጠብ አላለባትም። እኔ ነኝ ያስተማርኳት ብዬ ልኮራ አልኩ፣ ግን አላስተማርኳትም። ራሷ ናት።» እትዬ ከኋላ «የሽማግሌውን ንገራት! ባርኔጣ ያነሱትን!» ትላለች። «አይ፣ ለእሷማ አልነግራትም» ይላል ጋሼ፣ «ምን ብዬ ነው ፊት ለፊት የምነግራት።»

ሚጢጢ ተነስታ ቁጭ አለች። ዓይኗ ሞልቷል፣ ፊቷ ሳቅ ይዟል፣ ሁለቱ ባንድ ጊዜ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣው ሰው፣ ባሕር ማዶ ላለች እናት ይህን ሁሉ አራገፈው። ያን ጊዜ ገባት። በእኛ ዘንድ ምስጋና በጓሮ በኩል ነው የሚሄደው፣ ሰውየው በሌለበት ለጎረቤት ይነገራል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያቀብለዋል፣ ዞሮ ዞሮ ከሚፈለግበት ደጅ ይደርሳል፣ ማንም አፍሮ ማንም ተበላሽቶ ሳይገኝ። ደግ ሥርዓት ነው፣ አትንቀውም፣ አሁን ስትሰማው እንኳን ሰውነቷን አሞቃት። ግን ጎረቤት ይፈልጋል። እዚህ አገር በጋሼና በዚያ ሰውዬ መካከል ያለችው ጎረቤት እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ካላቀበለች የሚያቀብል የለም። ስልኳን አነሳች። የኃላፊው ቢሮ ጠራ፣ ጠራ፣ መልእክት ተቀባዩ ድምፅዎን ይተዉ አለ። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ መሪ እንደያዘች።

«የመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር ነኝ» አለች በዚያ አገር ቋንቋ፣ ጮክ ብላ። «ዛሬ ስለ ወንድሜ ጠይቀኸኝ ደህና ነው ብዬሃለሁ። ትክክል አልነገርኩህም። እኛ ዘንድ የራስን ሰው ማወደስ ነውር ነው፣ ስለዚህ ዋሸሁህ። ወንድሜ ካየኋቸው ሾፌሮች ሁሉ የሚበልጥ ሾፌር ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ሃያ አምስት ዓመቱ እያለ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት አውቶቡሱን በተራራ ጎን አሻሽቶ አቁሟል። ስልሳ ሁለት ሰው ነበር ውስጡ። አንድም ሰው አልተጫረም፣ አንድም ሰው አልጮኸም፣ ምክንያቱም እሱ ስላልጮኸ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚያው መንገድ ነድቷል። ራሱን አያወድስም፣ ለእኔም አይፈቅድልኝም። ግን ግቢህ ውስጥ ያለውን አውቶቡስ ሁሉ ለእሱ ብትሰጠው፣ ሌሊት እንቅልፍህን ተኛ። እኔ አሥራ አራት ዓመት አርፍጄ አላውቅም፤ ቃሌ ይህ ነው።»

ጨረሰች። ሳሎኑ ጭጭ ብሏል። ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ለመላክ አንድን፣ ለመሰረዝ ሁለትን ይጫኑ እያለ ይደጋግማል፣ በሩም ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ሚጢጢ? ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?»

ጋሼ በካልሲ በሩ ላይ ቆሟል፣ እትዬ ከክንዱ ሥር አንገቷን አስግጋለች። መዋሸት ትችል ነበር። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ወለሉን እያየች፣ የተናገረችውን አንድ በአንድ ተረጎመችለት፣ ታላቅ ወንድሟን ፊት ለፊት፣ ሚስቱ እየሰማች፤ ፍሬኑን፣ ተራራውን፣ ከሁሉ የሚበልጥ ያለችውን ሳትቀንስ፣ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ። እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ይህን የቁልቁለት ነገር ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እንዲህ አልሰማችውም። ሚጢጢ አጥፊው እስኪል ጠበቀች፣ ይላል፣ ታውቀዋለች እሱን፣ አጥፊው ካለ ደግሞ እምቢ ለማለት ልቧን ስታጠነክር ነው ጋሼ የተናገረው።

«ስልሳ ሁለት አይደለም» አለ።

«ነው እንጂ ጋሼ፣ ስልሳ ሁለት ቲኬት ነው፣ ረዳቱ ሲቆጥር ሰምቻለሁ።»

«ቲኬቱማ ስልሳ ሁለት ነው። አንቺ ሞተሩ ላይ ነበርሽ፣ ለአንቺ ማን ቲኬት ቆረጠልሽ።» ድምፁ ጎርነን አለ፣ ዞር ብሎ የበሩን እጀታ ያየ መሰለ። «ያን ቀን መሪውን ወደ ተራራው ስሰጠው የቆጠርኩት ከአንቺ ጀምሬ ነው።»

ሚጢጢ ስልኩን ከደረቷ አነሳችው። ስልኩ አንድን ይጫኑ ሁለትን ይጫኑ ይላል።

«ሰርዢውና እንደገና ንገሪው» አለ ጋሼ። «ስልሳ ሦስት ነን በይው።»

ሁለትን ተጫነች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ከቅድሙ ጮክ ብላ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር። ጋሼ ከበሩ ንቅንቅ ሳይል እስከ መጨረሻው አዳመጣት፣ ሌላው ሁሉ ባይገባውም ስልሳ ሦስት ስትል ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ቁጥር መቁጠርማ ከመጣ በሁለት ሳምንቱ ተምሯል።